ትሬን፦ ባቡር፣ ስልጠና፣ የቬሎ ጭራ… አንድ ቃል ነው ወይስ ሦስት?

ደቻቱ_ማዶ፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን አጭር የእንግሊዝኛ ቃላት መፍቻ እየተሰናዳ ነው። «ትሬን» ላይ ሲደረስ ነገሩ ተወሳሰበ። መዝገበ ቃላቱ ስም ሲሆን ባቡር፣ ግስ ሲሆን ማሰልጠን ይላል፤ ወረድ ብሎ የቀሚስ ጭራ፣ አጀብ፣ የሐሳብ ተከታታይነት እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ድምፃቸው በአጋጣሚ የገጠመ የተለያዩ ቃላት ናቸው ወይስ ከአንድ ግንድ የበቀሉ? ባንድ መግቢያ ይግቡ ወይስ ይለያዩ? ልጆቹ «ባቡርን ከማስተማር ጋር ምን አገናኘው?» ማለታቸው አይቀርም፣ መልሱ አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነው።

ቃል_ቆፋሪ፦
አንድ ቃል ነው፤ አትለያየው። ግንዱ «መጎተት» ነው።

ላቲኑ «ትራሄሬ» ይላል፣ ጎተተ፣ ሳበ ለማለት። የተራው ሕዝብ ላቲን አራዘመው፣ የጥንቱ ፈረንሳይኛ «ትራይኔር» አደረገው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ሆኖ ስለቆየ፣ ቃሉ ከብዙ ዘመዶቹ ጋር ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስሙ የሄደበት መንገድ ይኸውልህ። መጀመሪያ ከኋላ የሚጎተት ነገር ነው፣ ለምሳሌ መሬት የሚጠርግ የቀሚስ ጫፍ። ቀጥሎ ከጌታው ኋላ የሚከተል አጀብ ሆነ። ከዚያ ተከታትሎ የሚሄድ ማንኛውም ነገር፣ ሐሳብም ይሁን ድርጊት። ሐዲድ ሲመጣ ተቆላልፈው የሚጎተቱት ጋሪዎች «የሠረገላ ትሬን» ተባሉ። ይህ አጠራር ከ1820ዎቹ ጀምሮ ይታያል፤ የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር የተከፈተው በ1825 ነው። ኋላ «የሠረገላ» የሚለው ተጣለና ትሬን ብቻውን ቀረ። እንግዲህ በቃሉ አመጣጥ ትሬን የሚባለው ሞተሩ ሳይሆን ተርታው ነው።

ግሱ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ጎተተ፤ ከዚያ እየሳበ ወደሚፈለገው ቅርጽ አመጣ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተለይ ለሐረግና ለቅርንጫፍ ተባለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሰውን ማስተማርና ሥርዓት ማስያዝ ሆነ። ስለዚህ ባቡርና ስልጠና ወንድማማች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። አንዱ ከሌላው አልተወለደም።

ሳቢያን_ልጅ፦
አቦ፣ እኛ ሰፈር የሚወራው ሌላ ነው። እንግሊዞች ባቡር ሲጀምሩ ሾፌሩንና ሠራተኛውን ማስተማር ስለነበረባቸው «ትሬኒንግ» ከባቡሩ መጣ ይላሉ።

ቃል_ቆፋሪ፦
ቀኑ አይፈቅድም። «ማስተማር» የሚለው ፍቺ በ1540ዎቹ አለ፣ የሐዲዱ ትሬን ገና 1820ዎቹ ነው። በመካከል 300 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰማ ታሪኩ ማማሩን ትተህ መጀመሪያ ሁለቱ ፍቺዎች የታዩበትን ዘመን አስተያይ። አብዛኛው የቃል ተረት እዚያ ላይ ይወድቃል።

ጡረተኛ_ሽማንደፈር፦
«ተርታው ነው» የተባለው ልክ ነው። በእንግሊዞች የሐዲድ ቋንቋ ሎኮሞቲቭ ፉርጎ ሳይጎትት ብቻውን ሲሄድ «ላይት ኢንጂን» ይባላል። እዚህ «ላይት» ማለት መብራት አይደለም፤ ሸክም የሌለው ማለት ነው። ይህን «የመብራት ሞተር» ብሎ የተረጎመ ሰው ከሥራው ጋር አልተዋወቀም። ለተማሪዎቹ ሦስቱን ለይታችሁ ስጧቸው፦ የሚስበው ሎኮሞቲቭ፣ የሚሳበው ፉርጎ፣ ተያይዞ ሲሄድ ደግሞ ትሬን። የእንግሊዝ እንግሊዝኛ የሰው መጫኛውን «ካሬጅ» ወይም «ኮች»፣ የዕቃውን «ዋገን» ይላል፤ አሜሪካው ሁሉንም «ካር» ብሎ ይገላገላል።

የኛዎቹ ቃላት በእንግሊዝኛ በኩል እንዳልመጡም ይታወቅ። መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው፤ ሥራውም በፈረንሳይኛ ነበር። «ሽማንደፈር» በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ነው። «ለገሃር» ደግሞ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው። ይህ «ጋር» መርከብን ወይም ሠረገላን ከመንገድ ገለል አድርጎ ማቆም ከሚል ግስ የወጣ ነው፤ «ጋራዥ»ም ከዚያው ግስ ነው። ለገሃርና ጋራዥ እህትማማች መሆናቸውን ስንቱ ያውቃል?

መጋላ_ሻይ_ቤት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ የኛ ድሬ ለገሃሬ ሰፈርም ስሙ ከዚሁ ነው?

ጡረተኛ_ሽማንደፈር፦
ወዲያ መሄድ አያስፈልግም ልጄ። ኦሮምኛው «ለጋ» ወንዝ፣ «ሀሬ» አህያ ነው፤ ስሙ በራሱ ቋንቋ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ድምፅ ስለተቀራረበ ብቻ ፈረንሳይ ድረስ አትሂዱ።

መጋላ_ሻይ_ቤት፦
«ባቡር» ራሱስ?

ቃል_ቆፋሪ፦
ጣሊያንኛው «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳይኛው «ቫፐር»፣ ሁለቱም እንፋሎት። ዐረብኛ «ቫ» የሚል ድምፅ ስለሌለው «ባቡር» ወይም «ዋቡር» አደረገው፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብም፣ ማንኛውም ሞተርም በዚህ ስም ተጠራ። ስለዚህ ባቡር መጀመሪያ ሞተሩ ነው፣ ከእንግሊዝኛው ትሬን በተቃራኒ። ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው «የሰርኪስ ባቡር» ሐዲድ አልነበረውም፤ በመንገድ የሚሄድ የእንፋሎት ሞተር ነው፣ ግን ባቡር ተባለ። «ምድር ባቡር» ተብሎ «ምድር» መጨመሩም ከባሕሩ ለመለየት ይመስላል።

ድሬ ላይ ደግሞ ልዩነቱን በጆሮ መስማት ይቻላል። ሱማልኛ ተናጋሪ «ባቡር» ሲልህ መኪና ማለቱ ነው፤ የሐዲዱን «ታሬን» ይለዋል፣ ከእንግሊዝኛው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቃል ይዘው አንዱ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ አንዱ ለገሃር ሊሄዱ ይችላሉ።

ካምቢዮ_ሠሪ፦
ከመኪናው በኩል ልጨምር፤ ትሬን ጋራዥ ውስጥም አለ። «ጊር ትሬን» የሚባለው ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው የሚዞሩ ማርሾች ተርታ ነው። በትርጉም ማኑዋሎች ላይ «የማርሽ ስልጠና» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል፣ አላህ ይይላቸው።

ተማሪ ካለ ስሌቱን አሳዩት፣ «ተርታ» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይገባዋል። የሚነዳው ማርሽ 20 ጥርስ፣ መካከለኛው 35፣ የመጨረሻው 60 ይሁን። 35ን ለ20፣ 60ን ለ35 አካፍለህ ስታባዛቸው 35 ከላይም ከታችም ይጠፋል፤ የሚቀረው 60 ለ20፣ ማለትም 3 ነው። ነጂው 3 ጊዜ ሲዞር የመጨረሻው 1 ጊዜ ይዞራል። መካከለኛው ፍጥነቱን አይነካም፣ አቅጣጫ ብቻ ይቀይራል። ስህተት የሚመጣው በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ማርሽ አብረው ሲታሰሩ ነው። ያኔ መካከሉ አይጠፋም፦ 20 ጥርሱ 40ን ቢነዳ፣ ከ40ው ጋር በአንድ ዘንግ ያለው 15 ደግሞ 60ን ቢነዳ፣ 2 ሲባዛ በ4፣ 8 ይሆናል። ይህን ያልለየ ሰው ካምቢዮ ሲፈታ የማርሽ ቁጥር ያምታታል።

ሌላው «ድራይቭትሬን» እና «ፓወርትሬን» ናቸው። ፓወርትሬን ሞተሩን ጨምሮ ነው። ድራይቭትሬን ግን ከሞተሩ በኋላ ያለው ነው፦ ካምቢዮ፣ ትራስሚሲዮን፣ ዲፈረንሻል፣ እስከ ጎማ። ያገለገለ መኪና ማስታወቂያ ላይ «የድራይቭትሬን ዋስትና» ካለ ሞተሩ ውስጡ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

ደቻቱ_ማዶ፦
ይህ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ግን ልጆቹ «ጎተተ» ከሚለው ወደ «አሠለጠነ» የሚሄደውን ድልድይ በምን ያዩታል? አሁንም ሩቅ ይመስላል።

ከዚራ_አትክልት፦
በሐረግ አሳያቸው ወንድሜ፤ ቃሉም የተሻገረው በዚያ በኩል ነው። የከዚራ ግቢዎች አጥር ላይ ያለውን ቡገንቪላ ወይም የወይን ሐረግ ተመልከት። እንግሊዝኛው «ትሬን ዘ ቫይን» ሲል ሐረጉን እየሳቡ በሽቦ ወይም በእንጨት ላይ ማስያዝ ነው። አማርኛችን «ማቅናት» ቢለው ይበልጥ ይጠጋል።

አሠራሩ ራሱ የቃሉን ፍቺ ያስረዳል። አንድ ጠንካራ ቀንበጥ ትመርጣለህ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ በቀስታ ትስበዋለህ፣ ታስረዋለህ። ከእንጨትነት ከደረሰ ግን ሲጎነበስ ይሰነጠቃል። ማሰሪያው የጨርቅ ቁራጭ ይሁን፣ በስምንት ቅርጽ ተጠምዞ፣ ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ብሎ። ቀጭን ሽቦ ከሆነ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይደርቃል። ቀንበጡን ወደ ጎን አጋድመህ ብታስረው በርዝመቱ ሙሉ ብዙ እምቡጥ ይከፈታል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀንበጥ ጫፉ የታችኞቹን እምቡጦች ስለሚያፍን ነው። ይህ «ትሬኒንግ» ነው። መቁረጡ ሌላ ነው፣ «ፕሩኒንግ» ይባላል፤ የግብርና ጽሑፎች ሁለቱንም «መግረዝ» ብለው ሲጨፈልቁ ገበሬው ማሰሩን ይዘለዋል።

ጀጎል_ተርጓሚዋ፦
እህታችን ድልድዩን ሠርታዋለች። እኔ ደግሞ አማርኛው ራሱ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ ልጠቁም፣ ተማሪው የራሱን ቋንቋ ሲያይ አይረሳም።

«ተሳቢ» የሚለውን ውሰዱ። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና ኋላ የተቆለፈው ተሳቢ ነው። ሰዋስው ክፍል ውስጥ ደግሞ ግሱ የሚያርፍበት ስም ተሳቢ ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ ተማሪ «የጭነት መኪናን ከሰዋስው ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ አይጨነቅም፣ ሁለቱም «ሳበ» ናቸው። ትሬንም እንደዚያው። «መዘዝ»ንም ጨምሩ፦ ሰይፍ ከሰገባው ይመዘዛል፣ ነገርም ይመዘዛል፣ ተጎትቶ የመጣው መዘዝ ይባላል። እንግሊዝኛው «ብሪንግ ኢን ኢትስ ትሬን» ሲል ይህንኑ ነው፤ ጦርነቱ ረሃብን በትሬኑ አመጣ ሲል «መዘዙ ረሃብ ሆነ» ወይም «ረሃብን ጎትቶ መጣ» ብሎ መተርጎም ይቻላል።

ትርጉም ላይ የሚያሳስቱትን ልንገራችሁ። «ትሬን ኦፍ ሶት» የሐሳብ ባቡር አይደለም፤ የሐሳብ ፍሰት ወይም ክር ነው፣ ሲቋረጥ «የማስበው ጠፋኝ» እንላለን። «ኢን ትሬን» ከተባለ ነገሩ ተጀምሯል፣ በሂደት ላይ ነው፤ «ባቡር ውስጥ» ብሎ የተረጎመ ሰው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያበላሻል። «ካሜራ ትሬን ኦን» ወይም ጠመንጃ ከሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ መደገን ነው። «ፓውደር ትሬን» መሬት ላይ በመስመር የተዘረጋ ባሩድ ነው፣ እሳት እየተከተለው የሚሄድ።

ለሐረር ሰው ደግሞ «ካሜል ትሬን» ሊያስቸግር አይገባም። ድሮ ወደ ዘይላ ይወርድ የነበረው የግመል ቅፍለት ነው። ሲራራ፣ ቅፍለት፣ ሁለቱም አሉን፤ «የግመል ባቡር» ማለት ለምን አስፈለገ? «ዋገን ትሬን» የሚለውም በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ የበሬና የፈረስ ጋሪዎች ተርታ ነው፣ ሐዲድ የለውም። የጦር ታሪክ ላይ «ባጌጅ ትሬን» ስታገኙ ጓዝ በሉት፤ ጓዙ፣ ስንቁ፣ ከሠራዊቱ ኋላ የሚከተለው ሁሉ።

ሳቢያን_ልጅ፦
«ጓዝ» በጣም ይሄዳል!

ቬሎ_ስፌት_ድሬ፦
የቀሚሱም ጭራ አይረሳ። ከውጭ ቬሎ በኢንተርኔት ሲያዝዙ ትሬን ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። «ስዊፕ ትሬን» መሬቱን ጠረግ የሚያደርግ ብቻ ነው። «ቻፕል» አንድ ሜትርና ትንሽ ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ «ካቴድራል» 2 ሜትርና ከዚያም በላይ። ችግሩ መለኪያው ነው፦ አንዳንዱ ሻጭ ከወገብ ይለካል፣ አንዳንዱ ቀሚሱ መሬት ከነካበት። በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር ያህል ልዩነት ስላለ ከማዘዝ በፊት «ከየት ነው የተለካው» ብላችሁ ጻፉ። የድሬ ሠርግ ከቤት ውጭ ድንኳን ውስጥ ከሆነ ረጅሙ ጭራ አቧራ ይሰበስባል፤ ውስጡ ላይ ማንጠልጠያ ቁልፍና ቀለበት ካልተሰፋ ጭፈራ ላይ ይረገጣል።

ደቻቱ_ማዶ፦
እሺ፣ «ትራክት» ያለባቸውስ? ትራክተር፣ ኮንትራክት… ከዚሁ ናቸው?

ቃል_ቆፋሪ፦
አዎ፣ «ትራክት» የትራሄሬ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው በአንድ ቀን ብዙ ቃል ያተርፋል። ከፊት ያለውን ፊደል ብቻ ይያዝ፦ «ኤክስ» ወደ ውጭ ነው፣ ኤክስትራክት ጥርስም ይሁን ዘይት ስቦ ማውጣት። «አት» ወደ ራስ፣ አትራክት መሳብ። «ሰብ» ከታች፣ ሰብትራክት ከሥር ስቦ መቀነስ። «ዲስ» ወዲያና ወዲህ፣ ዲስትራክት ሐሳብን መበተን። «ኮን» አንድ ላይ፣ ኮንትራክት መሰብሰብም ነው ውልም ነው፤ ጡንቻ ይኮንትራክታል ሲባል ይኮማተራል፣ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ይዋዋላሉ። «ፖርትሬት»ም በፈረንሳይኛ በኩል ከዚያው ነው፣ መልክን ስቦ ማውጣት።

ግን ሁሉን አታስገባ። በአማርኛ ፊደል «ትራክ» ብለን የምንጽፋቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፣ ዱካና የጭነት መኪና። አንዳቸውም ከትራሄሬ አይደሉም። «ትሬክ»ም መጎተት ከሚል የደች ግስ በደቡብ አፍሪካ በኩል የመጣ ነው፤ ፍቺው ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም። ከሁሉ የሚያሳስተው «ትሬን ኦይል» ነው፣ አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኝ የዓሣ ነባሪ ዘይት። ባቡር የሚቀባበት ዘይት አይደለም፣ መጎተትም የለበትም፤ እንባ ወይም ጠብታ ከሚል የደችና የሰሜን ጀርመን ቃል ነው። ለዚህ ብቻ የተለየ መግቢያ ስጠው።

መጋላ_ሻይ_ቤት፦
«ኮች»ም ሠረገላም አሠልጣኝም ነው እኮ። ያም እንደ ትሬን ነው?

ቃል_ቆፋሪ፦
ጥሩ ጥያቄ፣ ግን መንገዱ የተለየ ነው። ኮች ሃንጋሪ ውስጥ ካለች «ኮች» ከምትባል መንደር ነው፤ እዚያ የሚሠራው ሠረገላ በመላው አውሮፓ በስሟ ተጠራ። በ1830 ገደማ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ «ኮች» አሉት፣ ተሸክሞ የሚያሻግር ስለሆነ። ከዚያ ወደ ስፖርት ገባ። እንግዲህ በኮች አሠልጣኙ በቀጥታ ከሠረገላው ተወለደ። ሳቢያን_ልጅ ያነሣው የሰፈር ወሬ ለትሬን አይሠራም፣ ለኮች ግን ይሠራል!

ጀጎል_ተርጓሚዋ፦
የአማርኛው «ሠለጠነ» ደግሞ ከመጎተት ጋር ምንም የለውም። ግእዙ «ሠልጠነ» ኃይል አገኘ፣ ገዛ ነው፤ «ሥልጣን» ከዚያ ነው፣ የዐረብኛው «ሱልጣን»ም ዘመዱ። በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ሰው ተስቦ የቀና ነው፣ በአማርኛ ባለ ሥልጣን የሆነ፣ ሙያውን የገዛ። መፍቻው ውስጥ ይህን በአንድ መስመር ብታስገባ አይከፋም።

ደቻቱ_ማዶ፦
መግቢያውን እንዲህ አሰብኩት፦ «ትሬን፦ [ግንዱ፦ መጎተት] ስም 1. ባቡር፣ ሎኮሞቲቩና ፉርጎዎቹ ተያይዘው 2. የቀሚስ ጭራ 3. አጀብ፣ ጓዝ፣ ቅፍለት 4. ተከታታይ ነገር። ግስ 1. ማሠልጠን 2. ሐረግ ማቅናት 3. ወደ አንድ አቅጣጫ ማነጣጠር።» ትሬን ኦይል ለብቻው። የጎደለ አለ?

ጀጎል_ተርጓሚዋ፦
አጠቃቀሙን ጨምርበት። «በባቡር» ሲሆን «ባይ ትሬን» ነው፣ «ዘ» አይገባም፤ ተማሪዎቻችን «ባይ ዘ ትሬን» ማለት ይቀናቸዋል። ባቡሩ ላይ ነኝ ሲሆን ግን «ኦን ዘ ትሬን»፣ «ዘ» አይቀርም፣ «ኢን» ከማለትም «ኦን» ይለመዳል። «ትሬን» ባቡር ሲሆን ይቆጠራል፣ ብዙ ቁጥር አለው፤ «ትሬኒንግ» ግን በተለምዶ አይቆጠርም፤ ሦስት ስልጠና ወሰድኩ ለማለት «ስሪ ትሬኒንግስ» ከማለት «ስሪ ትሬኒንግ ኮርስስ» ይሻላል። የሥራ ማመልከቻ ላይ በብዛት የሚታይ ግድፈት ነው።

ጡረተኛ_ሽማንደፈር፦
«ትሬይነር»ና «ትሬይኒ»ን አስገባ። የምስክር ወረቀት ላይ ሲምታቱ ሠልጣኙ አሠልጣኝ ሆኖ ይወጣል። መጨረሻው «ኤር» ያለው ሰጪው ነው፣ ድምፁም የሚጠብቀው መጀመሪያው ላይ ነው። መጨረሻው «ኢ» ብሎ የሚረዝመው ተቀባዩ ነው፣ ድምፁም እዚያው መጨረሻው ላይ ይጠብቃል። «ኢምፕሎየር»ና «ኢምፕሎዪ»ም በሰጪና ተቀባይ በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ፤ «ኢምፕሎየር» ግን ድምፁ የሚጠብቀው መካከሉ ላይ ነው። የእንግሊዝ ልጅ «ትሬይነርስ» ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስፖርት ጫማ ነው የሚያወራው።